ለኪራይ የማይሰጠው ቤት

ቶኪኤ ሁልጊዜ ጠዋት ማንም የማይኖርበትን ቤት ትከፍታለች። የእንጨት መከለያዎቹን እየገፋች ወደ ጎን ትሰበስባለች፤ አየር እንዲገባ በሮቹን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ከዚያም ከቤቷ ይዛ የመጣችውን ትኩስ ሩዝ በትንሽ ጽዋ አድርጋ፣ የሙታን ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች በቆሙበት ጥቁር ቁም ሣጥን ውስጥ ታኖራለች። አማቶቿና ባሏ ኢሳኦ እዚያ ናቸው። «እንደምን አደራችሁ» ብላ ጥቂት ትቀመጥና ቁልቁል ወደምትኖርባት ትንሽ ቤት ትወርዳለች። ኢሳኦ ከሞተ ወዲህ የትልቁን ቤት ብርድ ጉልበቷ አልቻለውም።

ወደዚህች ትንሽ ከተማ፣ ወደ ዮኩራ፣ ተድራ የመጣችው ከባሕር ጠረፍ መንደር ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ባሮ ሽንኩርት ስትልጥና ስታስር ነው። ልጇ ናጎያ ከተማ ይሠራል፤ የሚመጣው ነሐሴ ላይ፣ ሙታን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት ሰሞን ነው።

በዮኩራ ግማሹ ቤት ተዘግቷል። የከተማው ጽሕፈት ቤት ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚኖር ሰው ይፈልጋል፤ የሚመጣም አይጠፋም። ግን ባለቤቶቹ ሁሉ አከራዩ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሰው ባይኖርበትም ቤቱ ባዶ አይደለም። የመጡት አይተው ወደ ጎረቤት ከተማ ያልፋሉ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ፣ ቶኪኤ ገና ከትልቁ ቤት ሳትወጣ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ኦጋታ መግቢያው ላይ ቆመ። እንግዳና ልጅ የሚያስደስተውን የከተማዋን መለያ ልብስ ለብሷል፤ ከወገቡ በታች ነጭ፣ ከወገቡ በላይ አረንጓዴ የሆነ ሰው የሚያህል ባሮ ሽንኩርት ነው።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«ሁልጊዜ የሚለብሰው ሰው ወገቡን አመመው። ባቡር ጣቢያ እንግዳ ልቀበል ስሄድ ነው፣ እትዬ ቶኪኤ። ከኦሳካ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ይመጣሉ። ቤቱን ይዩት ብቻ።»

«ግባና አውራ።»

«ጫማው ከልብሱ ጋር የተሰፋ ነው።»

በጫማ ወለሉ ላይ መውጣት የማይታሰብ ነው።

«እንግዲያው እዚያው ቁም። አባትህም እንዲሁ ደጅ ቆሞ ነበር የሚያደርቀኝ።»

«ሰው ያልኖረበት ቤት እኮ ይፈርሳል።»

«ይፍረስ! ነሐሴ ሲመጡ ቤታቸውን ባዕድ ሞልቶት ቢያገኙ የት ይግቡ?»

ኦጋታ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መኪና ደጁ ላይ ቆመ። እንግዶቹ ባቡሩን ትተው፣ አድራሻውን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው በመኪና ቀድመው መጥተዋል። አንዲት ሕፃን ልጅ «ሽንኩርት!» እያለች ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች።

ኦጋታ አፉን ዘጋ። ልብሱን የለበሰ ሰው ልጅ ፊት ቃል አይተነፍስም፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ኦጋታ ነው።

«በል ቤቱ እንደማይከራይ ንገራቸዋ!» አለችው ቶኪኤ።

ሽንኩርቱ ራሱን ነቀነቀ።

«ምላስህን ቆረጡህ?»

ሽንኩርቱ እጅ ነሣ።

እስከዚያ ቀን ተከራይ መመለስ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነበር። አሁን ቶኪኤ ራሷ እንግዶቹን አስገባችና ቁም ሣጥኑን አሳየቻቸው። «ቤቱ ሰው አለበት» አለች፤ ይህን ሰምተው እንደሚሄዱ አልተጠራጠረችም።

ባልየው ያሱሂሮ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። «ይህን ክፍል እርስዎ ቆልፈው ቢይዙትና እኛ በሌላው...»

«ዕቃ ናቸው እንዴ የሚቆለፍባቸው?»

ያሱሂሮ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ሚስቱ ናኦ ግን ማንም ሳይነግራት ቁም ሣጥኑ ፊት ተንበርክካ ለጸሎት እጆቿን አጋጠመች። ቀና ስትል ፊቷን አላዞረችም።

«የእናቴ የአስከሬኗ አመድ ፍሪጅ ላይ ነው ያለው» አለች። «ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሌላ ቦታ አጣሁላት። እዚህ ብንገባ፣ ከእነሱ ጋር ብትሆን...»

ያሱሂሮ እጅጌዋን ጎተተ። የአንዱን ቤት ሙት ከሌላው ቤት ሙታን ጋር የሚያስቀምጥ ሰው በዮኩራ ታይቶ አይታወቅም። ሽንኩርቱ መግቢያው ላይ ፊቱን ሊሸፍን ሞከረ፤ እጁ አልደረሰለትም።

«እዚህ ውስጥማ አይሆንም» አለች ቶኪኤ።

«ልክ ነው፤ ይቅርታ...»

«እናትሽ ወሬ ትወድ ነበር?»

«ከጎረቤት ሁሉ እስክትጣላ!»

ቶኪኤ የአማቷን ሰሌዳ አየች። ያቺ ሴት፣ ቶኪኤ ምራቷ ከሆነችበት ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ያናገረቻት ቢጠራቀም አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም፤ እስቲ አሁን ወሬኛ ጎረቤት ትምጣባት።

«አጠገባቸው ትንሽ ጠረጴዛ ይደረግላት» አለች። «ከነሱ ግን ዝቅ ይበል። ሩዙን ጠዋት ጠዋት አንቺ ታቀርቢያለሽ፣ ለሁሉም። መጀመሪያ ለአማቴ።»

«እሺ።»

«ልጄ ነሐሴ ሲመጣ የሚያድረው እዚህ ነው።»

«ይደር እንጂ!»

ሽንኩርቱ አጨበጨበ፤ መዳፎቹ ጥጥ ስለሆኑ ድምፅ አልወጣም።

የዮኩራ ቤተ መቅደስ መነኩሴ በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ለሁለቱም ቤተሰብ ሙታን በአንድ ላይ ይጸልያል። ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው።