ሳታይ የፈረመችው ወረቀት

የሥራ ባልደረቦቿ በኤሌክትሪክ መለኪያው ስም «ቴስተር» ይሏታል። ሽቦው ኤሌክትሪክ የለውም ብለው ቢምሉላት እንኳ ራሷ ሳትለካ ጣቷን አታስነካም ነበርና፣ ስሙ በቀልድ ወጥቶ በዚያው ጸናባት።

ሙያውን ያስተማሯት ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ የእናቷ ወንድም። አርባ ዓመት መሰላል ላይ የኖሩ፣ ግድግዳ መታ መታ አድርገው «ሽቦው በዚህ ነው የሚያልፈው» የሚሉ ሰው። የመርማሪነት ፈቃድ ግን የላቸውም። ሱቅም ይሁን ዳቦ ቤት የኤሌክትሪክ ደህንነት ወረቀት የሚያገኘው ፈቃድ ያለው ሰው በገዛ እጁ ለክቶ ሲፈርም ብቻ ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ፣ ይፈተኑ ቢባሉ፣ «ዕድሜ ልኬን ሽቦ ሳነብ ኖሬ፣ በስተርጅና ወረቀት አንብብ ልባል?» ብለው ሳቁ። እሷ ተፈተነች፤ አለፈችም።

መጀመሪያ ላይ አብረው ይሄዱ ነበር። እሳቸው ይፈታሉ፣ እሷ ትለካለች። ኋላ እሷ ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ መዋል ስትጀምር ትንንሾቹን ቤቶች እሳቸው ብቻቸውን ያዩ ጀመር። ቅጹን አምጥተው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ያኖሩላታል።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ንጹሕ ነው፤ ፈርሚ።»

ትፈርማለች። ጥፋት መሆኑን አታጣውም። ግን ያስተማራትን ሰው ሥራ «እስቲ ደግሜ ልየው» ማለት ውለታ መርሳት መስሎ ታያት።

አንድ ቀን የቤታቸውን ሶኬት ሲቀይሩ በአረንጓዴው ሽቦ ቦታ ሰማያዊውን ሲያስሩ አየቻቸው። ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ጠብቃ ፈትታ አስተካከለችው። ከዚያም በኋላ አራት ወረቀት ፈረመች።

ከአራቱ አንዱ የፀጉር ቤት ነበር። ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ ደንበኞች ራሳቸውን አስገብተው ፀጉር የሚያደርቁበት የብረት እግር ያለው ካስክ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ አጥባ፣ እጇ እንደረጠበ ካስኩን ልትገፋ ብረቱን ያዘች። ያዘችው፤ እሱም ያዛት። የቤቱ ባለቤት እየጮኸች ሶኬቱን ባትነቅለው ኖሮ አትተርፍም ነበር። ቀኝ መዳፏና ሁለት ጣቶቿ ተቃጠሉ።

ቴስተር ስልክ ተደውሎላት እየሮጠች ደረሰች፤ ሶኬቱን ፈታች። የመሬት ሽቦው፣ አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን ከሰው ላይ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለክቶ ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቅጹ ላይ ግን በአጎቷ ጽሕፈት «ደህና» ይላል፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማ።

ሐኪም ቤት ስትደርስ ፀጉር ሠሪዋ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ጋደም ብላለች።

«አንቺንም አስቸገርኩሽ አይደል እህቴ?» አለቻት። «በእርጥብ እጅ አትንኪ ስንቴ ተብያለሁ! የራሴ ጥፋት ነው።»

ቴስተር ስለ ሽቦው ሳትነግራት «እግዜር ይማርሽ» ብላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ትከሻዋ ቀለል አላት። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ያ መቅለል ነበር።

ስድስት ቀን እህል በአፏ አልዞር አለ። በስድስተኛው ቀን አጎቷ «ምን ሆነሻል ልጄ?» ሲሏት ሁሉንም ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አላየሁትማ» አሉ። «በደንብ ካላየሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። በዳሰሳ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«አንቺስ? ያንን ሶኬት ደግመሽ ስትፈቺ ከጓሮ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ለምን አልተናገርሽኝም?»



በማግስቱ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄደች። ሹሙ ቅጹን አገላብጦ «ማነው የመረመረው?» አላት።

«ማንም። መመርመር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልሄድኩም።»

«ሳትጠሪ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

ፈቃዷ ለአንድ ዓመት ታገደ። በጠየቀችው መሠረት ሳታይ የፈረመችባቸው አሥራ አንድ ቤቶች በሌላ መርማሪ ታዩ። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥም የተበጠሰ የመሬት ሽቦ ተገኘ። ሰውየው ካውያው ሲነዝረው ከርሞ፣ «ወረቀት አለኝ እኮ» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

ከዚያ ፀጉር ሠሪዋ ቤት ሄዳ እውነቱን አንድ በአንድ ተናገረች። ሴትየዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማቻት።

«ሐኪም ቤት ስትመጪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለእናቴ እንኳ በገዛ እጄ ነው ብዬ ነው የነገርኳት። ይሄን ሁሉ ቀን ራሴን ስረግም አንቺ እያወቅሽ!»

በሩን አልዘጋችባትም፤ ግቢም አላለቻትም።

ሁለቱ ጣቶች እንደ ድሮው አልታጠፉም፤ ሴትየዋ መቀሱን ትታ የፀጉር ቅባት መሸጫ ውስጥ ተቀጠረች። አጎቷም መሰላሉን ሸጡ። ፈቃዷ ሲመለስላት ቴስተር መጀመሪያ የሄደችው ወደ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበር። ባለቤቱ ወንበር ስቦ፣ «አራት ሶኬት ነው፣ ምን ያደክምሻል፤ ቁጭ በይና ፈርሚ» አላት። አራቱንም ለካች፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። እስክሪብቶ ስታነሳ ግን እጇ እምቢ አላትና ከበሩ ጀምራ እንደገና ለካች።