የሰባት አምባ ጉም

ሃጂራ አራት ዓመት የደከመችበትን ጌም በ2007 ዓ.ም. ጨርሳ ለተጫዋቾች ስትለቅ፣ ሊመጣ የሚችለውን ነቀፋ ሁሉ አስቀድማ ያሰበችው መስሏት ነበር።

ወላጆቿ በሰሜን ባለች ከተማ፣ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ተወልደው ያደጉ የነጋዴ ልጆች ናቸው። አባቷ ሐጂ ዐብዱረሕማን እዚያው ከተማ አራዳ ገበያ ላይ ጃንጥላና ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አያቷ ደግሞ በቅሎ ጭነው እስከ መተማ የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ሃጂራ ኮምፒውተር ተምራ እንደተመረቀች ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አሮጌ ኮምፒውተሯን ተከለችና «ሰባት አምባ» የሚል ጌም ጀመረች። የጌሙ ሰው ተዋጊ አይደለም፤ እንደ አያቷ ሲራራ ነጋዴ ነው። በሰባቱ አምባ ላይ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆኑ ጌቶች ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ጋር ተደራድሮ፣ ተለማምጦ፣ አንዳንዴም አታሎ ማለፍ ነው ጨዋታው።

ተሠርቶ ያለቀ ኢንጂን ሞልቶ ነበር። የሞከረቻቸው ግን የአማርኛውን ፊደል ትተው ባዶ ሳጥን ይደረድሩላታል፤ አሮጌው ኮምፒውተርም አልቻላቸው አለ። ስለዚህ ኢንጂኑንም ራሷ ጻፈችው።

«ኢንጂን የምትይው ምኑ ነው? ነዳጅ ይፈልጋል?» አሏት አባቷ አንድ ቀን።

«አይ አባባ። ተራራውን የሚስለው፣ ሰውየውን የሚያስኬደው፣ ፊደሉን የሚያወጣው ከሥር ያለው ሥራ ነው። ጌሙ የሚታየው ነው፤ ኢንጂኑ የማይታየው።»

«የማይታየውን ደግሞ ማን አይቶ ይፈርድልሻል?» አሉና ደንበኛ ሊያስተናግዱ ወጡ።

መጀመሪያ የፈረደው እንዳልካቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሬዲዮ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያወራ፣ ብዙ ወጣት የሚሰማው ሰው ነው። «ሐሳቡ አዲስ ነው» አለ። «ግን ሰይፍ የማይመዘዝበት ጌም ምን ጌም ነው? ኢንጂኑማ ደካማ ነው። ከመቶ እርምጃ ወዲያ ያለው ሁሉ በነጭ ጉም ተሸፍኗል። ያለቀለት ኢንጂን እያለ ከዜሮ መነሣት ከንቱ ድካም ነው።» ሳምንት ሳይሞላ አንድ መጽሔት ተቃራኒውን ጻፈ፤ ኢንጂኑ የሚደነቅ ነው፣ ታሪኩ ግን ደረቅ ነው አለ። ሃጂራ የትኛውን እንደምታርም ግራ ገባት።

ያቃጠላት ግን ሦስተኛው ነው። አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ ስለ ጌሙ አራት ዓረፍተ ነገር አወጣ። ሦስቱ እዚህ ግባ የሚባሉ አልነበሩም። አራተኛው «ሠሪው ለዚህ የተረት ዓለም የፈለሰፈው ፊደል እጅግ ውብ ነው» ይላል። ወዲያው መልስ ጻፈች፤ ፊደሉን እንዳልፈለሰፈችው፣ አገር ሙሉ የሚጽፍበት እንደሆነ፣ ሠሪውም ሴት እንደሆነች ገለጸች። መልስ የለም። ዓረፍተ ነገሩም እንዳለ ቀረ።

«ምን ያበሳጭሻል፣ አመሰገኑሽ እኮ» አለቻት የአክስቷ ልጅ ኢልሃም።

«ያመሰገኑኝ ባልሠራሁት ነው። የሠራሁትን ያየልኝ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ጌሙን መክፈት አስጠላት። በአንድ ቅዳሜ ግን ስህተት ልታርም ከፍታው ሳለች፣ አያ አድማሴ ከክፍሏ በር ላይ መጥተው ቆሙ። በደባርቅ መንገድ ካለችው ከኮሶዬ የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ የአባቷ የረጅም ጊዜ ደንበኛ። አባቷ ለሶላት ወጥተው ስለነበር ሊጠብቋቸው ነው። ዱላቸውን ተደግፈው ስክሪኑን ያዩ ጀመር።

«ይሄ አገር የት ነው?»

«የእናንተን ኮሶዬን አስቤ ነው የሠራሁት፣ አያ አድማሴ።»

«ሸጋ ነው። ጉሙ ብቻ ውሸት ነው።»

«ምነው?» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከረረ።

«ጉም እንደ ግድግዳ ከፊት አይቆምም። ማለዳ ገደሉ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። የሩቁ ተራራ ጫፍ ከላዩ ይታያል። ፀሐይ ሲነካው ነው እየተነሣ የሚወጣ።»

ሃጂራ ጉሙን ያመጣችው ኮምፒውተሩ ሩቁን መሳል ስለማይችል እንደሆነ፣ ለመሸፈኛ እንደሆነ በዝርዝር አስረዳቻቸው። አያ አድማሴ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እሱን እኔ አላውቅ። ጉም አይደለም ነው የምልሽ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ተናደደች። ሬዲዮኑ ሲገርመኝ ደግሞ ገበሬው፣ አለች በሆዷ። በሦስተኛው ቀን በደባርቅ መንገድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዳ ኮሶዬ ወረደችና በብርድ እየተንቀጠቀጠች ከገደሉ አፋፍ ቆመች። ሰውየው ያሉት አንድም አልተሳሳተም። ጉሙ ከታች ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቷል፤ ማዶ ያሉት ጫፎች ከላዩ ጥርት ብለው ወጥተዋል። እዚያው እንደቆመች ሌላም ነገር ገባት፤ ሸለቆው በጉም ከተሸፈነ ኮምፒውተሩ ሸለቆውን መሳል አይኖርበትም፤ ጫፍ ጫፉ ይበቃዋል። ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሳትመጣ መቅረቷ ከሁሉም በላይ አናደዳት።

ኢንጂኑን ከፍታ እንደገና መጻፍ ሰባት ወር ወሰደባት። አዲሱን ጌም ለእንዳልካቸው ስትልክለት «አንዴ ተናግረንበታል፤ ሌላ ስትሠሪ ላኪልን» ብሎ መለሰላት። መጽሔቱ እስከዚያው ተዘግቶ ነበር።

አያ አድማሴ በመጡ ጊዜ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና አሳየቻቸው።

«አሁን ጉም ነው» አሉ። ወደ ስክሪኑም ጠጋ አሉ። «በቅሎዋ ግን ቁልቁለት ስትወርድ እንዲህ አትረግጥም። ጭነቱም ወደ ፊት ሊንሸራተት ይገባው ነበር።»

ሃጂራ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ሌላስ?»

ሌላም ነበራቸው። ሦስቱን ጻፈች። አራተኛውን ግን አልቀበልም አለች፤ የአምባው ጌታ ነጋዴን ከመቀመጫው ተነሥቶ አይቀበልም ብለዋታልና። እሷ ይነሣል፣ እሳቸው አይነሣም ሲሉ፣ አባቷ ብቅ ብለው «አድማሴ፣ መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው» እስኪሉ ድረስ ተከራከሩ።