ለስሜ የቆመርሁ ዕለት

በደርግ ጊዜ፣ ካርታ በእጄ ነክቼ ሳላውቅ፣ አንድ ካድሬ «ቁማርተኛ ነው» ብሎ መስክሮብኝ ከዩኒቨርሲቲ ተባረርሁ። ተሰድጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁና ሰሊጥ አጫጅ ሆንሁ። በአጨዳ ወቅት በረሃው መሀል የቁማር መንደር ይበቅላል፤ ካዚኖው የሣር ዳስ፣ ጠረጴዛው የተዘረጋ ጆንያ ነው። ወደ አንዱ ዳስ ብቅ ብል ካርታ የሚያድለው ያ ካድሬ! ለካ እሱም ተሰዷል።

«ከረታሁህ በሐሰት እንደመሰከርህብኝ በሰው ፊት ታምናለህ፤ ከረታኸኝ ያለችኝን ጫማ ውሰድ» አልሁት።

«ወላሂ፣ እሺ!» አለ።

የትኛው ካርታ የትኛውን እንደሚበልጥ አጫጆቹን እየጠየቅሁ ረታሁት። አጨበጨቡልኝ። ደረቴን ነፍቼ «በል ተናገር!» አልሁት።

ወደ እነሱ ዞረና «ወገን፣ እናንተው ፍረዱ! ይኼ ሰው ቁማርተኛ አይደለም?» አላቸው።

«ኧረ የለየለት!» አሉ አጨብጫቢዎቼ።