የድንች ጽጌረዳ

እናታችን ስትሞት እህቴ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። አባታችን ቀድሟት አርፏል። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ቢቸና ውስጥ የማያውቅ የለም። ሆኖም የሠርጓ ቀን ሲቆረጥ አክስታችን ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት፦ «በእናት ወንበር ያላገባች አትቀመጥም፤ ለልጅቱም ገድ አይሆናትም። እኔ እቀመጣለሁ።» ሙሽራ ከቤት ስትወጣ በወላጆቿ ወንበር የተቀመጡትን ጉልበት ስማ ነው የምትሄደው። እኔ የፈለግኩት ያቺን አንዲት መሳም ነበር። አክስቴ ግን ትልቅ ሰው ናቸው። አኩርፌ ወጣሁ፣ ኩርፊያዬም ሞጣ ድረስ ወሰደኝ።

ሞጣ ውስጥ አንዲት ሴት ኬክ ማስዋብ ታስተምራለች ሲባል ሰምቼ ነበር። ባሕር ዳር ሆቴል ቤት ሠርታ አገሯ የተመለሰች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቅ ሴት ናት። እኔ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ ኬክ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አይደለም የሄድኩት። ወንበሩን ከነፈጉኝ ሙሽሮቹ ፊት ያለውን የኬክ ጠረጴዛ እይዛለሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ፀሐይዋ ትሞቃለች፤ ጮቄ በግራ በኩል ደመናውን ተከናንቦ አብሮን የሚጓዝ ይመስለኛል። ማሳው ታጭዶ ገርጥቷል። አቧራው በመስኮት እየገባ፣ ከእንቅልፍም ከንቃትም ሳልሆን፣ ነጭ ነገር ብቻ ይታየኛል፦ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ዳስ፣ ነጭ አበባ። አንዳንዴ እናቴም ትመጣለች። አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ረዳቱ «ሞጣ!» ብሎ ሲጮህ ከእኔ ቀድማ ትወርዳለች።

ችግሩ፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ አስተማሪያችንም በጾም እነዚህን ቤቷ የማታስገባ ጾመኛ ናት። ታዲያ ምን ዘየደች? ድንች ቀቅላ፣ በወንፊት አሽታ፣ እንደ ክሬም አለሰለሰችው። እሱን ጫፉ በተቆረጠ ላስቲክ እየሞላን ሳህን ላይ ጽጌረዳ እንጨምቃለን።

«የማስተምረው እጃችሁን ነው፣ አፋችሁን አይደለም» ትለን ነበር። «እጅ ከለመደ፣ ለፋሲካ ድንቹን በቅቤ መተካት ነው።»

ድንቹን ስናሽ ጨው ጣል እናደርግበታለን፤ ትምህርቱ ሲያበቃ አበቦቻችንን በአዋዜ እንበላቸዋለንና። ጽጌረዳ በአዋዜ የበላ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሞጣ አድሬ እሑድ ማታ ቤት ስመለስ ለእህቴም እሠራላታለሁ። አዋዜዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ አበባው ሳያልቅ እየነጠቀች ትጎርሳለች። «እታለም፣ ይቺኛዋ እንኳ ጥቅል ጎመን ናት» እያለች ትስቅብኛለች። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል። ያ ሳቅ ከቤቴ ሊወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከማን ጋር እንደማወራ አላውቅም ነበር።

ሠርጉ የዳግም ትንሣኤ ዕለት ነበር። ኬኩን ዳቦ ቤት አስጋገርኩና ዋዜማውን ቅቤና ስኳር ስመታ ዋልኩ። ልቤ የት እንደነበር እንጃ። እጄ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ እኔ ዳር ቆሜ የማየው ይመስለኛል። ቅጠሉ በቅጠሉ ላይ እየተነባበረ አንዱ አበባ ይፈካል፣ ቀጥሎ ሌላው። እንዲህ ያማረ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ፊተኛው ጉርሻ የእሷ ይሁን ብዬ አልቀመስኩትም።

በማግስቱ ኬኩ ዳሱ ውስጥ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። አክስቴ በእናቴ ወንበር ተቀምጠው የመሳሚያውን ሰዓት ይጠብቃሉ። እኔ ሽርጥ አገልድሜ፣ ቢላዋ ይዤ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሜአለሁ። እህቴ ከጠዋት ጀምራ አንገቷን እንደደፋች ናት። ለሙሽራ ወጉ ነው፤ የእሷ ግን ወግ ብቻ አልመሰለኝም። ሙሽራው አንዱን ጽጌረዳ አንሥቶ አጎረሳት።

ማኘኳን አቆመች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያኔ ገባኝ። ጾሙን ሙሉ ድንች ያሸ እጅ፣ ክሬሙም ላይ እንደ ድንቹ ጨው ነስንሷል! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

እህቴ ግን ዋጠችው። ከዚያ ሳቀች፤ የእሑድ ማታ ሳቋን፣ ቬሏ ከራሷ እስኪንሸራተት።

«እታለም፣ አዋዜውስ የታል?»

ሌላው ሰው ምንም አልገባውም፤ ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳቋ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና እግሬ ሥር ተንበረከከች፤ በሽርጤ ላይ ጉልበቴን ፈልጋ ሳመችው። እኔ ቢላዋውን እንኳ አላስቀመጥኩም ነበር።

ወደ አክስቴ መመልከት ፈራሁ። ሲነሡ ሰማኋቸው፤ ወንበሩን ራሳቸው እየጎተቱ አምጥተው ከኋላዬ አስቀመጡት።

«ቆመሽ ነው እንዴ የምትሳሚው?» አሉኝ ተቆጥተው። «ተቀመጪላት እንጂ!»