ባለእንስራዋን ያወጣሁ ቀን

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእሳቸው የምነግራቸው ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ነው፤ ስግደት ያዙኛል፣ እሰግዳለሁ፣ እንለያያለን። ይህኛውን ግን በየዓመቱ ይዤው ሄጄ በየዓመቱ ይዤው እመለሳለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? አባቴ፣ አንዲት ተክል ገደልኩ ልበል? ይስቃሉ። እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለም። ስትጨርሱ ግን ስሙኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስገባ ክፍል ያከራዩኝ ጋሼ መኮንን ናቸው። ቤታቸው ፌርፋክስ መንገድ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ ነው። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ሚስታቸው እትዬ የሺ እኔ ከመምጣቴ በፊት የሞቱባቸው ሰው ናቸው። እትዬ የሺ ሳንታ ሞኒካ አበባ መሸጫ ይሠሩ ነበርና ዝንብ የሚበሉ ተክሎችን ቤት ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። አንዳንዱ እንደ አፍ ተከፍቶ ይጠብቅና ዝንቡ ላይ ይዘጋል። አንዳንዱ ማር የመሰለ ጠብታ አውጥቶ ያጣብቃል። የሁሉም እመቤት ግን ባለእንስራዋ ነበረች። ሳሎኑ መስኮት ላይ ተንጠልጥላ ከየቅጠሏ ጫፍ ቀይ እንስራ የመሰለ ታወርዳለች፤ የገባባትን ዝንብ እዚያው ውኃዋ ውስጥ ታሟሟዋለች። እትዬ የሺ ከቁራጭ ቅርንጫፍ ያሳደጓት ናት። ሲታመሙም አልጋቸው ወደ ሳሎን ወጥቶላቸው እሷን እያዩ ነው የሞቱት። ጋሼ የቧንቧ ውኃ ይጎዳታል ብለው ዝናብ በባልዲ ያጠራቅሙላታል። በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» የሚሉት መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእኔ ነበር። አልቀናሁም አልልም።

በዚያ ክረምት የእኅታቸው ባል ሲያትል ሞተና ጋሼ ለለቅሶ ሄዱ። ሻንጣቸውን በር ላይ አቁመው ወደ መስኮቱ መለሱኝ።

«ሰናይት፣ ጓሮ ያሉትን ተያቸው። ብራውን ሆነው ብታዪ እንዳትደነግጪ፣ ለእነሱ ብርድ እንቅልፍ ነው። ይቺ ግን የሞቃት አገር ልጅ ናት። ከዚህ እንዳታነቃንቂያት። ሂተሩንም ኦፍ እንዳታደርጊው፣ ኦኬ?»

«ኦኬ ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ በሰላም ይግቡ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

በዚያው ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራዬ ደረሰ። ሳሎናቸውን ጋሼ ቀድመው ፈቅደውልኛል። ጣጣው የእኔው ይሉኝታ ነው። የማኅበራችን ታላቅ እትዬ ብዙነሽ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው ባለእንስራዋን አይተዋታል። «ሥጋ የሚበላ ቅጠል? ከእመቤታችን ሥዕል ጋር አንድ ክፍል? ኧረ ልጄ፣ ይሄስ ጸበል ይፈልጋል» ብለው አብረዋቸው የመጡትን አሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሥራ ያስገቡኝ፣ ስታመም ሐኪም ቤት ያመላለሱኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው፤ ምን ይሉኛል ብዬ ተጨነቅሁ። ስለዚህ ሊመጡ ሲሉ ባለእንስራዋን ከመንጠቆዋ አውርጄ ጓሮ አወጣኋት። ባለጠብታዎቹንም ከመስኮቱ ደፍ አንስቼ አወጣኋቸው። በቦታቸው የፕላስቲክ አበባ አስቀመጥኩ።

ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። እትዬ ብዙነሽ ዙሪያውን ቃኝተው «ዛሬ ገና ቤት መሰለ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ዛሬም ድረስ ከሁሉ በላይ የምጸየፈው ያን ደስታዬን ነው።

እንግዶቹን ስሸኝ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስልኬ ውርጭ ሊመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ልኮልኛል፤ አንብቤዋለሁ። ረሳሁ ብል ቀላል ነበር፤ አልረሳሁም። ብርጭቆ ሳጥብ በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋት፣ አጥሩ ሥር ነፋስ እያወዛወዛት። እጄን አድርቄ ብወጣ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ደከመኝ፣ ነገ አልኩ፣ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ምን ብርድ አለ አልኩ። አወጣኋት፤ አላስገባኋትም። ኃጢአቴ በአጭሩ ይኸው ነው። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኳችሁ።

ጠዋት ጓሮው ነጭ ነው። ውርጭ አልብሶታል። የእንስራዎቿ ውኃ በረዶ ሆኖ፣ ቅጠሏ ተቀቅሎ እንደወጣ ጎመን ተልፈስፍሶ ጠቁሯል። ባለጠብታዎቹም አልቀዋል። ብርድ ወዳዶቹ ብቻ ጋሼ እንዳሉት ተኝተዋል። አቅፌ አስገብቼ መንጠቆዋ ላይ መልሼ ሰቀልኳት፤ ባለጠብታዎቹንም ደፉ ላይ ደረደርኳቸው። የዚያ መስኮት መቀርቀሪያ የላላ ነው፣ ላላ እንጂ ይይዛል። እጄን ሰድጄ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ነፋስ ከፈተው ልል ነው። ነፋስ ቢወቀስ ምን ይጎዳል? ማንንም የማይነካ ውሸት መስሎኝ ነበር።

ጋሼ መጡ። መስኮቱን ነፋስ ከፈተው ብዬ ነገርኳቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ ከሥሯ ተቀመጡ።

«ነፋስ ምን ያድርግ» አሉ። «የሺ ተኝታ ሳለች፣ መኮንን ይሄን መስኮት ሥራው፣ ልጄን ብርድ ይመታብኛል ትለኝ ነበር። እሺ እያልኳት ሞተች። ይኸው ልጇንም ገደልኩባት።»

እውነቱን በመናገር ፈንታ ሻንጣቸውን አንስቼ ወደ ክፍላቸው አስገባሁ። ተክሏን የገደልኳት በስንፍና ነው፤ ሽማግሌውን ግን አውቄ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ መስኮቱን በምስማር መቱት። ሙቀቱ ሲመለስ ጓሮ የተኙት አቆጠቆጡ፤ እሳቸው ግን ሊያዩዋቸውም አልወደዱም። እንደገና እንጀምር ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። በዕረፍት ቀኔ ግሌንዴል ችግኝ ወደሚሸጥ ሰው ወሰድኳቸው፤ ባለጠብታዎቹን ተካን። እንደ ባለእንስራዋ ያለች ደግሞ ኮሪያታውን በረንዳዋ ላይ የምታሳድግ ሴት አግኝቼ ቁራጭ ለመንኩ። ላስቲክ አልብሰን ጠበቅናት። ሥር ሰደደች፣ ቅጠል አወጣች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ አውራ ጣት የምታህል እንስራ አወረደች። ጋሼ አለቀሱ። «የሺ ብታውቅሽ ልጄ ነበር የምትልሽ። እኔ ያጠፋሁትን አንቺ መለስሽልኝ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ለዚያ ምርቃት አሜን የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኝ።

እናንተ ምናልባት ክሳለች ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

ጋሼ ከዚያ ክረምት በኋላ ቤት ጥለው አላደሩም። እኅታቸው ሲያትል ታመው ተኙ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። «መኩዬ፣ አንዴ ዓይንህን ልየው» አሉ፣ ድምፃቸው ሄዷል። ጋሼም «እመጣለሁ፣ ብርዱ ይለፍ ብቻ። ባለፈው ቤቴን ጥዬ ስመጣ የሆነውን ታውቂው የለ» አሉ። ያኔ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አላጠፉም፣ ይሂዱ። እኔ ያልኩት «እኔ አይልዎታለሁ፣ ይሂዱ» ብቻ ነው። አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርዱ ሳያልፍ እኅታቸው አለፉ።

ለቅሶው ሳሎን ተቀመጠ፣ ከአዲሷ ባለእንስራ ሥር። የማኅበሬ ሴቶች ምግብ ይዘው መጡ። እትዬ ብዙነሽ ቀና ብለው አይተዋት «ስታምር፣ ምንድን ናት?» አሉኝ። ያን ጸበል ይፈልጋል ያሉትን ረስተውታል። የፈራሁት አንድ ቃል፣ ከተናገሩት ሰው አፍ ወጥቶ የጠፋ ነገር ነበር። ሰው አጠገቤ እያለቀሰ እኔም አለቀስኩ፤ ለእኅታቸው መሰላቸውና አጽናኑኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እያደር ጨለመ። ለምን አሁን አትነግሪያቸውም በሉኝ። አርጅተዋል፣ ልባቸው አይችልም እላለሁ። ውሸት ነው። ልጄ ማለታቸውን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ምን ተወሰደ? ይቅር የሚሉኝ ሰው እዚያ ሳሎን ተቀምጠው ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ፣ እኔም እዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ እናዘዛለሁ።

ትናንት ብርድ ይመጣል ተባለ። ዓይናቸው ደክሟልና ጋሼ ጠሩኝ። «ሰናይትዬ፣ መስኮቱን ጫን ብለሽ እይልኝ። እንዳይከፈትብን» አሉ። ሄጄ በሁለት እጄ ጫንኩት።

«ዝግ ነው ጋሼ፣ አይከፈትም» አልኳቸው። ያ መስኮት አንድም ቀን በራሱ ተከፍቶ አያውቅም።