ላሟ ከኃላፊው መስኮት ሥር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ የመርፌ ቦርሳና ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝ ቦቲ ጫማ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ነው የተቀጠርኩት። ሥራውን ያስለመደኝ ጋሼ ስንታየሁ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት አጭር ነበር፤ «ላም ስታዋልጂ ሰዓትሽን አውልቂ።»

ለዓመታት እንዲሁ ሠራን። ጠዋት ከቤታችን ቀጥታ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እንወጣለን፤ እንከትባለን፣ የታመመውን እናክማለን፣ ማታ እግራችንን እየጎተትን እንገባለን። ቢሮ የምንታየው ለስብሰባ ብቻ ነበር።

ከዚያ አቶ ደመላሽ የሚባል አዲስ ኃላፊ የፊርማ መዝገብ ይዞ መጣ። ጠዋት ሁለት ተኩል ፊርማ፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ፊርማ። የቀረ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል።

«እኛ እኮ በሬው ቢሮ አይመጣልንም» አልኩት።

«መመሪያ ነው» አለኝ። ይቺ ቃል ስታናድደኝ!

ጋሼ ስንታየሁን ግን ማን ሊያቆመው! ጎህ ሲቀድ ገጠር ነው። ቀይ መስመሩ ሦስት ሲሞላ ግምገማ ተጠራና «ግለ ሂስ አድርግ» ተባለ። ተነሥቶ «ጥፋቴ ላም ማዋለዴ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። እኛ ሳቃችንን መያዝ አቃተን፤ አቶ ደመላሽ ግን አልሳቀም። በማግስቱ የእግድ ደብዳቤ ጻፈለት። ቀጥሎ የሚመጣው ስንብት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጡረታ ሊወጣ ደግሞ የቀረው ትንሽ ነበር። በንዴት ምሳ አልበላሁም።

ተመካከርንና መመሪያውን አከበርን። ሁለት ተኩል ላይ ፈርመን እስከ አሥራ አንድ ተኩል ወንበራችን ላይ ተሰየምን። ከብት የታመመበት ቢሮ ይምጣ አልን። አቤት፣ አመጣጣቸው! በሳምንቱ ግቢው የከብት ተራ መሰለ። አንዱ በሬ የአቶ ደመላሽን ጽጌረዳ ሙልጭ አድርጎ በላ።

አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ጥሩ ምጥ የያዛት ላማቸውን እየጎተቱ መጡ። ላሟ ከኃላፊው መስኮት ሥር ስትደርስ ወደቀች። የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቷል። እጄን አስገብቼ ብፈልግ ሌላው አልገኝ አለኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ፈራሁ።

«ስንታየሁን አምጡልኝ!» ብለው ጮኹ እትዬ ጥሩ።

«ታግዷል» አለ አቶ ደመላሽ በመስኮት።

«እንግዲያው እርስዎ ይውረዱና ያዋልዷት!»

ላሟን አየ፣ እኔን አየ። ስልኩን አወጣና ራሱ እየደወለ ወረደ።

ጋሼ ስንታየሁ ብዙም አልቆየ። የግቢው በር ላይ ቆም ብሎ «መጀመሪያ ልፈርም?» አለው።

«ኧረ በማርያም፣ ግባ!»

«በል ገመዱን ያዝልኝ። ሰዓትህንም አውልቅ።»

አወለቀ፤ ኮቱንም ጭምር። ጥጃው ወጥቶ ሲተነፍስ ከሁላችን ቀድሞ እልል ሊል የቃጣው እሱ ነው።

እግዱ በዚያው ሳምንት ተነሣ። መዝገቡ ቢሮ ለሚውሉት ቀረ፤ ለእኛ ግን የሠራንለት ገበሬ የሚፈርምበት ወረቀት ተሰጠን። ጋሼ ስንታየሁ ቦቲውን እንደተጫማ ጡረታ ወጣ። ዘንድሮ እኔም ወጣሁ።

ኃላፊ ለምትሆኑ ይህን እላለሁ፦ የሠራተኛውን ሰዓት ከመቆጣጠራችሁ በፊት ሥራው የት እንደሚሠራ ሄዳችሁ እዩ።