ፊት የሌለው አዳራሽ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቦንጋ አንድ ስብሰባ ተጠርቼ እንደ ልማዴ አርፍጄ ደረስኩ። የተረፈው ወንበር ከዓምዱ ጀርባ ነበር። ማይክራፎኑ ያጓራል፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን ሲሚንቶ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ተካ ትዝ አሉኝ።

ከዓመታት በፊት ጋሽ ተካ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ፣ እኔ ደግሞ ገና ከትምህርት የወጣሁ ፕላን ነዳፊ ነበርን። መስክ ስንወጣ ሌላው መሬት ይለካል፤ እሳቸው ዝናብ እየደበደባቸው እንሰት ሥር ይቆማሉ። «ቅጠሉ ውሃውን ወደ ግንዱ ሲያወርድ አየሽ? የእኛ ጣሪያ ለምን እንዲህ አያደርግም?» ይሉኛል። ቁርስ ቤት ቆጮ ከማር እንጀራ ጋር ያዝዙና ከመብላታችን በፊት የማር እንጀራውን ቀዳዳዎች ስድስት ጎን ያሳዩኛል።

«የሰው ልጅ ነገም መኖር ከፈለገ እንዲህ ይሥራ። በትንሽ ነገር፣ ግድግዳ ተጋርቶ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የማስበው ስለሚቀዘቅዘው ቆጮ ነበር።

የከተማው አዳራሽ ንድፍ ሲታዘዝ ግን እኔም ተሳብኩ። ክረምቱን ሙሉ ደከምን። ሞዴሉን ከቀርከሃ ስንጥር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስድስት ጎን፣ ተናጋሪው መሃል፣ ሕዝቡ ዙሪያውን። የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበር ተሠርቶ ለማየት ከልቤ ጓጉቼ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ አዞሩት።

«ፊቱ በየት በኩል ነው?»

«ፊት የለውም» አሉ ጋሽ ተካ።

«የክብር እንግዶችስ የት ይቀመጣሉ?»

«ከሰው ጋር።»

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ንድፉንም ወደውታል። «በሉ መድረክ ጨምሩበትና እናጽድቀው» አሉ።

ጋሽ ተካን ኮሪደር ላይ ተከትዬ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ አንድ መድረክ ምን ይጎዳል? ባንዱ ጎን ጣል ያድርጉበት።»

«አንዱን ጎን ፊት ካደረግሽው፣ ሌሎቹ አምስቱ ምን ይሆናሉ?» ብለውኝ ሄዱ።

ንድፉ ወደቀ። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተዛወሩ፤ በምትኩ ይኸው ባለፈው ሳምንት የተሰበሰብንበት ባለ አራት ማዕዘን አዳራሽ ተሠራ። በግትርነታቸው ለዓመታት ተናድጄባቸው ኖሬያለሁ።

በዚያ ስብሰባ ላይ፣ ከዓምዱ ጀርባ አጠገቤ፣ ስለ ማር ገበያ ሊሰሙ ከቢታ ገነት ድረስ በጭቃ መንገድ የመጡ አዛውንት ተቀምጠዋል። ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ «ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እንጃ አባቴ፣ እኔም አልሰማሁም።»

ለጋሽ ተካ የያኔ ጥያቄ በልቤ መለስኩ፦ ጀርባ ይሆናሉ፣ ጋሼ። አምስቱም ጀርባ ይሆናሉ።

ከፊት ጭብጨባ ተነሳ። አዛውንቱ አዩኝ፤ አየኋቸው፤ እኛም አጨበጨብን።